በድሮው የስቶክ ካር ውድድር የተከሰቱ ጉዶች

ስቶክ ካር ማለት ከፋብሪካ እንደወጣ ማንም ገዝቶ የሚነዳው መኪና ነው፣ ቢያንስ ሲጀመር ሀሳቡ እንደዛ ነበር። ውድድሩን የሚመራው የአሜሪካው ድርጅት ናስካር እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሎሪዳ ውስጥ ዴይቶና ቢች ላይ ሲቋቋም ከሾፌሮቹ አንዳንዶቹ ማታ ማታ የኮንትሮባንድ አረቄ ጭነው ከፖሊስ በማምለጥ እጃቸውን ያፍታቱ ልጆች ስለነበሩ ጉድ ባይበዛ ነበር የሚገርመው። አብዛኛው ጉድ ደግሞ ግጭት ሳይሆን ማን አሸነፈ የሚለው ነው።

ከናስካር በፊት የሚሮጠው እዛው ዴይቶና አሸዋ ላይ ነበር። በ1936 መኪኖቹ መታጠፊያው ላይ አሸዋ እየዋጣቸው ውድድሩ ሳያልቅ ተቋረጠ፣ ያዘጋጀችው ከተማም ከሰረች። በ1938 ስሞኪ ፐርሰር የሚባለው አንደኛ ገባና ለፍተሻ መቆም ሲገባው በዛው በባህሩ ዳር ነድቶ ጠፋ። ሁለተኛው ቢል ፍራንስ፣ ኋላ ናስካርን የመሰረተው ማለት ነው፣ ራሱ አዘጋጅ ስለነበር ለራሱ ሸለመ እንዳይባል ድሉን ለሦስተኛው ሰጠ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ሰኔ 19 ቀን 1949 ሻርሎት ውስጥ በአፈር ሜዳ የተደረገው የመጀመሪያው የናስካር ስትሪክትሊ ስቶክ፣ ማለትም ያልተነካካ መኪና ብቻ የሚሮጥበት ውድድር፣ ግን ብቻውን ብዙ ያስወራል። ግሌን ደናዌይ በ1947 ፎርድ ከሁሉም ሦስት ዙር ቀድሞ ገባ፣ ሲፈተሽ ግን የኋላው ባሌስትራ ተነካክቶ ተገኘ፣ አረቄ የሚያመላልሱት ሰዎች ጭነቱ ኋላውን እንዳይዘፈዝፈው የሚሰሩት ዘዴ ነው። ድሉ ተነጠቀና ከካንሳስ ድረስ ለመጣው ለጂም ሮፐር ተሰጠ፣ እሱም በሊንከን ነበር የሮጠው። የደናዌይ መኪና ባለቤት 10,000 ዶላር ብሎ ከሰሰ፣ ዳኛው ግን ክሱን ጣለው፣ ደንብ ደንብ ነውና ትክክል ነበር። በዚሁ ቀን ሊ ፔቲ ከጓደኛው የተዋሰውን ቢዩክ ገለበጠው፣ ወደ ቤቱ የሄደውም ሊፍት ለምኖ ነው ይባላል፣ መኪናውን ለባለቤቱ ምን ብሎ እንደመለሰ እንጃ።

በ1950 ዳርሊንግተን ላይ 75 መኪና ለ500 ማይል ተሰለፈ። ጎማው እየፈነዳ ስላስቸገረ ቡድኖቹ ሜዳው መሀል ከቆመ የተመልካች መኪና ጎማ እየገዙ ይፈቱ ነበር። ያሸነፈው ጆኒ ማንትዝ በደካማ ፕሊሞዝ የከባድ መኪና ጎማ አስሮ ቀስ እያለ የነዳው ነው።

በ1953 ቲም ፍሎክ ጆኮ ፍሎኮ የምትባል ጦጣ ረዳት አድርጎ፣ የራሷን ልብስና ወንበር አሰርቶላት ይወዳደር ነበር፣ ሂከሪ ላይ አብራው አሸንፋለች። ራሌ ላይ ግን ከማሰሪያዋ አመለጠችና ሾፌሩ የፊት ጎማውን የሚያይባትን የወለል መክፈቻ ሰንሰለት ስባ ከፈተች። ጠጠር ተፈናጥሮ ግንባሯን ሲላት አብዳ ቲም አንገት ላይ ወጣች፣ እሱም ፒት፣ ማለትም መኪና የሚጠገንበት ቦታ፣ ገብቶ አስወረዳትና ሦስተኛ ወጣ።

1959 የፔቲዎች ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዴይቶና 500 ሊ ፔቲና ጆኒ ቦሻምፕ መስመሩን እኩል ተሻገሩ፣ አጠገባቸው ደግሞ በዙር የተቀደመው ጆ ዌዘርሊ ስለነበር ዓይን ተምታታ። ቦሻምፕ አሸናፊ ተብሎ ተሸለመ፣ ከ61 ሰዓት በኋላ ፎቶና ፊልሙ ታይቶ ሊ ሆነ። ለወሬ ብለው አዘገዩት የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን አልቀበልም። በሰኔ አትላንታ ላይ ደግሞ ልጁ ሪቻርድ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ ሲባል ተቃውሞ አስገብቶ ያስነጠቀው አባትዬው ራሱ ሊ ነው!

የማያስቀው የዌንዴል ስኮት ነው። ታህሳስ 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል ላይ ይሄ ጥቁር ሾፌር በሁለት ዙር ቀድሞ ሳለ የአሸናፊነቱ ባንዲራና ዋንጫው ለሌላው ሾፌር ለበክ ቤከር ተሰጠ። ሰዓታት ቆይቶ፣ ተመልካቹ ከተበተነ በኋላ፣ ስኮት አሸንፈሃል ተባለና ገንዘቡን ወሰደ። ድርጅቱ የቆጠራ ስህተት ነው አለ፣ ጥቁር ሰው በሕዝብ ፊት እንዳይሸለም ነው የሚለው ግን የበለጠ ያሳምናል። ስኮት በ1990 ሞተ፣ ዋንጫው ለቤተሰቡ የተሰጠው በ2021 ነው።