ከኮምቦልቻ ላሊበላ በአየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለገና ላሊበላን ሊሳለም ያሰበ የደሴ ዘመዴ ሰሞኑን ስልኩን ዘርግቶ፣ «እይማ፣ ከኮምቦልቻ 127 ኪሎ ሜትር ነው ይላል። አቦሉ ሳይወርድ እደርሳለሁ!» አለኝ። ቁጥሩ ልክ ነው። ሰው ከቁጥሩ የሚያወጣው ሒሳብ ነው የሚያሳስተው።

«127 ኪሎ ሜትር ከሆነ በመኪናም ያው ነው»

አይደለም። ይህ ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ ሰማዩን በቀጥታ ሰንጥቆ የተለካ ነው። መኪናው ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳንና መርሳን አልፎ ወልድያ ይገባል፤ ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ሲደመር 300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

«አውሮፕላን በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል»

የአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ቢበዛ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። 127ን ለዚህ ብታካፍለው እውነትም ወደ 11 ደቂቃ ይሰጥሃል። ግን አውሮፕላን እንደ ባጃጅ ከቆመበት ተነስቶ ወዲያው አይከንፍም። መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዚህ መስመር ደግሞ ሁለቱም ማረፊያዎች ከ2,000 ሜትር በታች ሆነው በመካከል ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው የደላንታ ደጋ አለ። በደንብ ወጥቶ ሳይደላደል መውረድ መጀመር አለበት። በቀጥታ ቢበር እንኳ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብትይዝ ይሻላል።

ለዚህም ነው ርቀትና ሰዓት እኩል የማይጨምሩት። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአየር 255 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ላሊበላ ደግሞ 335። የ80 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት አየር ላይ አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ መውጣቱና መውረዱ ለሁለቱም ያው ነውና።

«ቅርብ ስለሆኑ ቀጥታ በረራ ይኖራል»

የአገር ውስጥ በረራ ከአንድ መሃል እንደሚዘረጉ የጃንጥላ ዘንጎች ነው፤ አብዛኛው ከቦሌ ይነሳል፣ ወደ ቦሌ ይመለሳል። ስለዚህ ዘመዴ ትኬት ሲጠይቅ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በአዲስ አበባ በኩል ነው። ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ! በአየር 590 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፣ የቦሌው ጥበቃ ሳይቆጠር። እኔ ብሆን በመኪና እሄዳለሁ፤ የመንገዱን ደህንነት አስቀድሞ መጠየቅ ግን የግድ ነው።

«ማረፊያው ከተማው ውስጥ ነው»

ትኬት ላይ የሚጻፈው የኮምቦልቻ ማረፊያ ኮድ (DSE) የደሴን ስም ስለሚመስል ሰው ደሴ ያለ ይመስለዋል። ሜዳው ያለው ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ ሐረጎን ቁልቁል 20 ምናምን ኪሎ ሜትር ትወርዳለህ። ላሊበላም ማረፊያው ታች ሜዳው ላይ ሲሆን ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው።

«ትኬቱ 8፡00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው»

ይሄ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ትኬት የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 8፡00 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የኛው 8 ሰዓት ቢሆን 14፡00 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ዘመዴም ምሳውን በልቶ ሐረጎን ሊወርድ አስቦ ነበር።