«ሙሉ ቅጂ» ምንድን ነው? የድሮ የጂኦግራፊ መጽሔት ለሚገዛ ሰው

የመጀመሪያዬን የድሮ ናሽናል ጂኦግራፊክ የገዛሁት በኦንላይን ጨረታ ነው። የ1930ዎቹ እትም። ሽፋኑ ቢጫ፣ ዙሪያው የኦክ ዛፍ ቅጠልና ፍሬ የተሳለበት፣ ገና በፎቶ ሲያዩት ልብ የሚሰርቅ። ሻጩ «ሙሉ ነው፣ አንድም ገጽ አልጎደለም» ብሎ ጽፏል። ደረሰኝ፣ ገለጥኩት፣ ገጾቹን ቆጠርኩ፣ እውነትም አንድ አልጎደለም። ከዚያ ወደ ማውጫው ተመልሼ ሳነብ ከእትሙ ጋር ካርታ እንዳለ የሚናገር መስመር አየሁ። ካርታ? የምን ካርታ? መጽሔቱን ገልብጬ አራገፍኩት። ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሻጩ ዋሽቷል ማለት አልችልም። ለእሱ «ሙሉ» ማለት ገጹ ያልተገነጠለ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች ዘንድ ግን ቃሉ ሌላ ትርጉም አለው። እኔ ያንን ሳላውቅ ነው የከፈልኩት።

ሙሉ ቅጂ ማለት መጽሔቱ አንባቢው እጅ በገባበት ቀን አብሮት የነበረው ሁሉ ዛሬም አብሮት ያለ ቅጂ ነው። የፊትና የኋላ ሽፋን፣ የጽሑፍ ገጾች፣ የማስታወቂያ ገጾች፣ ታጥፎ የገባ ካርታ ወይም ፖስተር፣ አንዳንዴም ሸክላ። አዎ፣ የሙዚቃ ሸክላ የምንለው ሸክላ። እመጣበታለሁ።

ይህን ከይዞታ ጋር አታምታቱት። ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ጥጉ የተበላ፣ ቡና የፈሰሰበት መጽሔት ሙሉ ሊሆን ይችላል። ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ የሚመስል ንጹሕ መጽሔት ደግሞ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል፤ የእኔው እንደዚያ ነበር። «ሙሉ ስብስብ» የሚባለው፣ ማለትም ከዚህ ዓመት እስከዚያ ዓመት አንድም እትም ሳይዘለል የተሰበሰበው፣ እሱም ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል እናጠብቃለን? ምክንያቱም ዕድሜ ብቻውን እዚህ ብዙም ዋጋ የለውም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው «ያረጀ ነው፣ ስለዚህ ውድ ነው» ብሎ ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ ግን በ1980ዎቹ በየወሩ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ይሰራጭ ነበር (በነገራችን ላይ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ የምታገኙት እሱን ስለሆነ)። የሚብሰው ደግሞ ማንም አለመጣሉ ነው። ጋዜጣ ዕቃ ይጠቀለልበታል። ይህ ግን ወረቀቱ ከባድና አንጸባራቂ፣ ፎቶው ቆንጆ፣ መጣሉ የሚያሳሳ ነገር ነው። ስለዚህ በየምድር ቤቱና በየጣሪያው ሥር ይቆለላል። በ1974 አንድ የሳይንስ ቀልድ የሚያትም መጽሔት፣ የተከማቸው የናሽናል ጂኦግራፊክ ክብደት አገረ አሜሪካን ያሰምጣታል የሚል «ጥናት» ኮስተር ባለ ቋንቋ አውጥቶ ነበር። አንድ ካርቶን ሙሉ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ቀልዱ ይገባዋል።

እንግዲህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የታተሙት አብዛኞቹ እትሞች እንደ ልብ ይገኛሉ፤ አንዳንዴ የመላኪያው ሂሳብ ከመጽሔቱ ዋጋ ይበልጣል። እንዲህ በሞላበት ገበያ አንዱን ቅጂ ከሌላው የሚለየው ምንም ያልጎደለው መሆኑ ነው። ጎዶሎውን በየቦታው ታገኙታላችሁ።

በጣም ቀደም ያሉት ላይ ግን ሕጉ ይላላል። የመጀመሪያው እትም ኦክቶበር 1888 ወጣ፤ ያኔ የተላከው መጽሔቱን ለሚያሳትመው ለናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር አባላት ነበር፣ እነሱም 200 ገደማ ብቻ ነበሩ። ቢጫው ጠርዝ የለም። የዛሬው ዓይነት ፎቶም የለም። ደረቅ የሳይንስ ጽሑፍ ነው፣ እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ ያስወስዳል። ቢጫው ጠርዝ የመጣው በፌብሩዋሪ 1910 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ያገኘ ሰው ሽፋኑ ቢቀደድም፣ ማስታወቂያው ቢጎድልም ብዙ አይከራከርም። እዚህ የሚያሰጋው ሌላ ነገር ነው። ማኅበሩ ራሱ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እትሞች በኋላ ላይ እንደገና አሳትሟል፤ ስለዚህ ከ100 ዓመት በላይ አለው የተባለ መጽሔት ወረቀቱ ነጭ፣ ጥጉ ስል ሆኖ ስታገኙት ደስ ከማለታችሁ በፊት ጠርጥሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ወደ ካርታው ልመለስ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎድለው እሱ ነውና። ካርታ የሚጠፋው ስለሚጠቅም ነው። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ለጉዞ ይያዛል፣ ልጅ ለቤት ሥራ ይወስደዋል፣ በዚያው ይቀራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜማ ዜና የሚከታተለው ሰው ሁሉ ካርታ ይፈልግ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እንኳን ከማኅበሩ የካርታ ማስቀመጫ ቁም ሳጥን ተበርክቶለት ይጠቀምበት ነበር፣ ለቸርችልም አንድ ተመሳሳይ ተሰጥቶታል። ስለዚህ የጦርነቱን ዓመታት እትሞች ስትገዙ ካርታውን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ። «ሙሉ ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ ከጠየቃችሁ የእኔው ዕጣ ይደርሳችኋል። በእርግጥ እያንዳንዱ እትም ካርታ የለውም። ካለው ግን ብዙውን ጊዜ ሽፋኑ ላይ ወይም ማውጫው ላይ ተጽፏል፣ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

አሁን ሸክላው። የጃንዋሪ 1979 እትም ከስስ ፕላስቲክ የተሠራ፣ የሚተጣጠፍ ሸክላ ነበረው፤ የተቀዳበት የዓሣ ነባሪ ድምፅ ነው። 10.5 ሚሊዮን ቅጂ ታትሞ ከመጽሔቱ ጋር ተሰራጨ። ያን ያህል ታትሞ እንኳን ዛሬ እትሙን ስትገዙ ሸክላው እንዳለ መጠየቅ አለባችሁ፣ ምክንያቱም ሸክላ የሚሰበስብ ሰው እሱን ገንጥሎ መጽሔቱን ይሸጣል። እሱ ሸክላውን ነው የፈለገው፣ ወረቀቱ ምኑም አይደለም። የኛ ሰው ደግሞ ወረቀቱን አግኝቶ ሸክላውን ሲፈልግ ይኖራል።

ማስታወቂያው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጉድለት ነው። መኪና፣ የውቅያኖስ መርከብ ጉዞ፣ ካሜራ፣ የኋላ ሽፋኑ ላይ ኮካ ኮላ። እነዚህን ገጾች ቆርጠው በፍሬም አድርገው የሚሸጡ አሉ፣ አንዳንዴም ከመጽሔቱ ራሱ በላይ ያወጣሉ። ነገሩን የሚያወሳስበው የገጽ ቁጥሩ ነው። በድሮው አሠራር ማስታወቂያው ከፊትና ከኋላ ተሰብስቦ ይቀመጥ ነበር፣ ቁጥሩም ከጽሑፉ ገጾች ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ የጽሑፉ ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይዘለል ቢቆጠርም ከኋላ አራት ቅጠል ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። እኔ የማየው ጀርባው ውስጥ፣ ገጾቹ የተያያዙበት ጠርዝ ላይ ነው፤ ቅጠል የተቆረጠበት ቦታ ላይ ጠባብ የወረቀት ጉርድ ይቀራል፣ ወይም አጠገቡ ያለው ቅጠል ላላ ብሎ ይገኛል።

ስለ ገጽ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ መጽሔቱን ስትገልጡት በገጽ 421 ቢጀምር አትደንግጡ። ቁጥሩ ከወር ወር ይቀጥላል፣ አዲስ ቅጽ ሲጀመር ነው ወደ 1 የሚመለሰው። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ሳላውቅ አንዱን ሻጭ «420 ገጽ የት አደረስከው?» ብዬ ጽፌለታለሁ። መልሱ ጨዋ ነበር፣ እኔ ግን እስካሁን አፍራለሁ።

ከዚያ ጥራዝ አለ። ቤተ መጻሕፍት የስድስት ወሩን እትሞች ሰብስበው በጠንካራ ሽፋን ያስጠርዛሉ። መደርደሪያ ላይ ሲታይ ግርማው ሌላ ነው። ለማንበብ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን ሲጠረዝ ቦታ ለመቆጠብ የወረቀት ሽፋኖቹንና ማስታወቂያዎቹን አውጥቶ መጣል የተለመደ ነበር፣ ካርታዎቹም ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ስለዚህ በጥብቅ ትርጉሙ ከሄድን ያ የሚያምር ጥራዝ ውስጡ ስድስት ጎዶሎ ቅጂ ነው። በእኔ እምነት ማንበብ የሚፈልግ ሰው ጥራዝ ይግዛ፣ ርካሽም ነው። ለመሰብሰብ ከሆነ ግን ልብስ ያልተቀየረለትን፣ ነጠላውን።

ይህ ለሁሉም መጽሔት አይሠራም፤ «ሙሉ» የሚለው ከመጽሔት መጽሔት ይለያያል። በ1860 ፓሪስ ውስጥ የተጀመረው ለ ቱር ዱ ሞንድ በትንንሽ ክፍል እየወጣ በኋላ እንዲጠረዝ ታስቦ የተሠራ የጉዞ መጽሔት ነው፤ እሱን በጥራዝ ማግኘት ጉድለት አይደለም፣ ደንቡ ነው። እዚያ የሚቆጠረው ሥዕሉ ነው። ፎቶን እንዳለ ከጽሑፍ ጋር ማተም ገና ስላልተቻለ ተጓዡ ያመጣውን ንድፍ በእንጨት ላይ ቀርጸው ነበር የሚያትሙት፣ ጉስታቭ ዶሬን የመሰሉ ሠዓሊዎች ሠርተውበታል። ሥዕሎቹን እየቆረጡ አንድ በአንድ የሚሸጡ ነጋዴዎች ስላሉ ቅጠል በቅጠል ማየት ግድ ነው። ሆሊዴይ የተባለው የአሜሪካ የጉዞ መጽሔት ደግሞ፣ ከ1946 ጀምሮ የወጣው፣ መጠኑ ትልቅ ስለሆነ ሽፋኑ ከአካሉ ቶሎ ይለያል፤ እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ሽፋኑ መያዙ ነው።

አንድ የቋንቋ ወጥመድም አለ። የድሮ መጽሐፍና መጽሔት ነጋዴዎች ይዞታን የሚገልጹባቸው የተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት አሏቸው፤ ከላይ ወደ ታች ፋይን፣ ቬሪ ጉድ፣ ጉድ፣ ፌር፣ ፑር። ቃሉን በቁሙ ከወሰዳችሁት «ጉድ» ማለት ጥሩ ይመስላል። በነጋዴዎቹ አነጋገር ግን በአገልግሎት ያረጀ፣ የተንገላታ፣ ገጹ ግን ያለ ማለት ነው። በአማርኛው ብትሰሙት ይሻላል፤ «ጉድ» ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ መጽሔት እውነትም ጉድ ነበር። ደግሞም እነዚህ ቃላት ስለ ገጽ እንጂ ስለ ካርታው አይናገሩም። ስለዚህ ከደረጃው ቃል ይልቅ ፎቶ ጠይቁ። የፊት ሽፋን፣ የኋላ ሽፋን፣ ጀርባው፣ ማውጫው፣ ካርታው ደግሞ ተዘርግቶ። ተዘርግቶ ያልኩት ታጥፎ ሲታይ እጥፋቱ ላይ መቀደዱ ስለማይታወቅ ነው። ሽታውንም ጠይቁ። አትሳቁ፣ ሻጋታ የሸተተ መጽሔት ሌሎቹንም ይዞ ይጠፋል። ውኃ የነካው ደግሞ ይብሳል፤ አንጸባራቂው ወረቀት ሲረጥብ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፣ ለማላቀቅ ስትሞክሩ ፎቶው ተልጦ ይመጣል፣ ገጹ እያለ የሌለ ያህል ይሆናል።

የመጨረሻው ክርክር የተዳቀለ ቅጂ ነው። ሽፋኑ የጠፋ አንድ መጽሔት አላችሁ እንበል፣ ካርታው ግን ደህና ነው። ሌላው ካርታ የለውም፣ የቀረው ሁሉ ንጹሕ ነው። የአንዱን ካርታ ለሌላው ስትሰጡት ሙሉ ሆነ ወይ? አንዳንዱ ሰብሳቢ በፍጹም ይላል፣ አብረው ከማተሚያ ቤት አልወጡም። እኔ ይሆናል ባይ ነኝ፣ እትሙ አንድ ዓይነት እስከሆነና ስትሸጡ እስከተናገራችሁ ድረስ። ካርታው ላይ ወርና ዓመቱ ታትሟል፣ ከመጽሔቱ ጋር ማመሳከር ቀላል ነው። ሳይናገሩ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

እኔም ያችን የ1930ዎቹን እትም ያሟላሁት እንደዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ካርታውን ለብቻው አገኘሁት፣ ለመጽሔቱ ከከፈልኩት በላይ ከፈልኩበት። እጥፋቱ ላይ ትንሽ ተቀዷል። አንድ የማላውቀው ሰው በእርሳስ ከወደብ ወደብ ቀጭን መስመር አስምሮበታል። መስመሩን አልፋቅኩትም። መጽሔቱ ውስጥ አስገብቼ «ካርታው ከሌላ ቅጂ የመጣ ነው» ብዬ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ አብሬ አስቀመጥኩት።