የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ጉበት ውስጥ ተገኘ ማለት እዚያው ተባዛ ማለት ነው?

ባለፈው እሑድ እዚህ ጅማ፣ ሰፈራችን ቡና ተፈልቶ ቶናው ላይ ስንደርስ፣ ጎረቤታችን ከመቀነታቸው የታጠፈች ወረቀት አወጡ። «ኤችሲቪ አንቲቦዲ፦ ፖዘቲቭ» ትላለች፤ ኤችሲቪ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ነው። ስኒያቸውን ለብቻ አርቀው አስቀምጠዋል። ላቦራቶሪ ስለምሠራ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

«ፖዘቲቭ ከሆንኩ ጉበቴን እየበላው ነዋ፣ ልጄ?»

የግድ አይደለም። ምርመራው ያየው ሰውነታቸው ቫይረሱን ሊዋጋ የሠራውን አንቲቦዲ ነው። በሄፓታይተስ ሲ ከተያዙ ሰዎች ከ15 እስከ 45 በመቶው ያለ መድኃኒት በ6 ወር ውስጥ ቫይረሱን ያስወግዱታል፤ አንቲቦዲው ግን ይቀራል። ቫይረሱ ዛሬም መኖሩን የሚናገረው የደም ፒሲአር ነው፤ የቫይረሱን ዘር ራሱን አባዝቶ የሚፈልግ ምርመራ። ስኒውም በከንቱ ነው የተለየው። በደም እንጂ በስኒም በጉርሻም አይተላለፍም።

«ከጉበት ናሙና ውስጥ ከተገኘማ እዚያው ተባዝቷል»

ይህኛውን ከተማሪዎችም እሰማዋለሁ። ጉበት ደም የሞላበት አካል ነው፤ የተገኘው ቫይረስ ከደሙ ጋር የመጣ ሊሆን ይችላል። መባዛቱን የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። የቫይረሱ ዘር 9,600 ፊደል ገደማ ያለው ነጠላ የአርኤንኤ ክር ነው፤ ፖዘቲቭ ክር ይሉታል (ከወረቀቷ «ፖዘቲቭ» ጋር አይገናኝም)። ሕዋስ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ግልባጩን፣ ኔጌቲቩን ክር ይሠራል። አዳዲሶቹን ከዚያ ላይ ያትማል። የቀበሌ ማኅተም አስቡ፤ ፊቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የተገላበጠ ነው። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ቤት ውስጥ ቢገኝ ከየትም ሊመጣ ይችላል። ማኅተሙ ራሱ ከተገኘ ግን የሚታተመው እዚያው ነው።

«ኔጌቲቩ ክር በፒሲአር ከታየ አለቀ»

እዚህ ላይ ስንቱ ተሸውዷል! ፖዘቲቩ ክር ከኔጌቲቩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በምርመራው ክሩን ለሚገለብጠው ኢንዛይም መነሻ እንዲሆነው ፕራይመር የሚባል አጭር ቁራጭ ይሰጠዋል። ነገር ግን አርኤንኤው በራሱ ላይ ታጥፎ መነሻ ይሆነዋል፤ ፕራይመሩም የማይመለከተው ክር ላይ ይለጠፋል። ያኔ የሌለ ማኅተም «ተገኘ» ይባላል። ቲቲኤች የሚባለው ኢንዛይም የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ በ70 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ስለሚሠራ መታጠፉም በስህተት መለጠፉም ይቀንሳል። ሌላው ዘዴ ኢንዛይሙ ክሩን ሲገለብጥ አንዱን ቱቦ ያለ ፕራይመር ማስኬድ ነው። ባዶ መሆን የነበረበት ቱቦ ውጤት ካሳየ፣ የቀረውንም አትመኑ። እኔ የሰው ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ያቺን ቱቦ ነው።

«ናሙናው ባዶ ከሆነ ጉበቱ ነፃ ነው»

በመርፌ የሚወሰደው ከጉበቱ 50,000 እጅ አንዱ ገደማ ነው። የተያዙት ሕዋሳት ደግሞ እዚህም እዚያም ተሰባስበው ነው የሚቀመጡት። በዚያ ላይ አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል፤ ናሙናው ወዲያው ካልቀዘቀዘ የነበረውም ይጠፋል።

«ታዲያ እኔም ጉበቴን ልወጋ?»

ኧረ አይደለም። ክር ፍለጋው የተመራማሪዎች ጣጣ ነው። ለእሳቸው የደም ፒሲአር ይበቃል። ቫይረሱ ከተገኘም ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጥ ኪኒን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ያድናል። በረካው ሊቀዳ ሲል እጃቸውን ሰደድ አድርገው ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ ከሌሎቹ ጋር መለሱት።