«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል

ይህን አባባል ያልሰማ የለም። በሬ ጠምዶ ሰማይን የሚያርስ እንደሌለ ሁሉ ንጉሥንም ከዳኛ ፊት የሚያቆም የለም፤ ስለዚህ አርፈህ ተቀመጥ ነው ነገሩ። ንጉሥ ከቀረ ሃምሳ ዓመት ቢያልፍም እዚህ ሐዋሳ አባባሉ ሥራ አልፈታም። ቀበሌ ጉዳዩ የተጓተተበት ሰው ይለዋል። ባጃጅ ውስጥ የአንድ ሹም ነገር ሲነሳ «ተወው ባክህ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ ግማሹን ብቻ ጥሎ የሚወርድ አለ። የቀረው ግማሽ ለሁሉም ይገባዋል።

ቃሉ የገበሬ ነው። ኑሮው እርሻ የሆነ ሰው ሞፈርና ቀንበሩ የማይደርስበትን ቦታ ሲያስብ ሰማይን አገኘ። ንጉሡን እዚያ ከፍታ ላይ የሰቀለው ግን ገበሬው ብቻ አይደለም። ቅብዐ መንግሥት የተቀባ ሰው የእግዚአብሔር ምርጫ ነው ተብሎ ለዘመናት ተሰብኳል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 4 ይህንኑ ሕግ አደረገው። ንጉሠ ነገሥቱ በዘሩና በተቀባው ቅባት ምክንያት አካሉ ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑም የማያከራክር ሆነ።

ከአባባሉ ጀርባ ሁለት ጥቅሶች ይቆማሉ። አንዱ ሮሜ 13 ነው፤ ከእግዚአብሔር ካልሆነ በቀር ሥልጣን የለም የሚለው። ሁለተኛው «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» የሚለው የመዝሙር 105 ቃል ነው፤ በዳዊቱ አቆጣጠር 104። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። እስቲ ከቁጥር 12 ጀምራችሁ አንብቡት። የተቀቡ የተባሉት ነገሥታት አይደሉም። አብርሃም፣ ይስሐቅና ያዕቆብ ናቸው፤ በቁጥር ጥቂት የሆኑ፣ ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው የሚንከራተቱ እንግዶች። «አትዳስሱ» የተባሉት ደግሞ ነገሥታቱ ናቸው! ስለ እነዚያ እንግዶች ሲል ነገሥታትን ገሠጸ ይላል መዝሙሩ። ደካማውን ከንጉሥ ለመጠበቅ የተነገረ ቃል ንጉሡን ከደካማው አቤቱታ መጠበቂያ ሆነ። ከዚህ የበለጠ ግፍ በቃሉ ላይ ምን ሊሠራ ይችላል?

ደግሞስ ንጉሥ አይከሰስም ያለው ማነው? ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ሲወስድ ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። አክዓብ ደግሞ የናቡቴን የወይን ቦታ ሊወርስ ሲወርድ፣ ኤልያስ እዚያው ወይኑ ቦታ ድረስ ሄዶ ገድለህ ወረስህ ወይ ብሎ ያዘው።

የርስት ነገር እዚህ አካባቢ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በምኒልክ ዘመን ደቡቡ ሲያዝ የሲዳማ ገበሬ በአባቱ መሬት ላይ ገባር ሆኖ ለሹምና ለወታደር ተደለደለ። እህል ይሰፍራል፣ ማር ያመጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የጌታውን አጥር ያጥራል። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚል ሌላ የቆየ አባባልም አለ። ሲሶው የሚደርሰው ቀዳሽ የናቡቴን ታሪክ በነጋሹ ፊት ያነባል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው። አራሹን ከባለመሬቱ ያላቀቀው አዋጅ የመጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በ1807 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ላሉ ባሮች ተብሎ ለንደን ላይ የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። እስራኤላውያን ከግብፅ ባርነት የወጡበትን ታሪክ ቆርጠው አውጥተውታል። «ባሪያዎች ሆይ፣ ለጌቶቻችሁ ታዘዙ» የሚለውን ግን አልነኩትም።

የጥቅሱ አገልግሎት ከንጉሡ ጋር አልተቀበረም። እዚሁ ሐዋሳ አንድ የጸሎት ኅብረት ውስጥ ስለ መባው ሒሳብ ጥያቄ ሲነሳ እኔም ነበርኩ። ጠያቂዋ በሥርዓት ነው የጠየቀችው፤ «ጌታ ይባርካችሁ፣ ሪፖርቱ መቼ ይቀርብልናል?» ነው ያለችው። «እህቴ፣ የተቀባውን አትንኪ» ተባለች። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ከቁጥር 12 ጀምሮ ጮክ ብሎ አነበበ። መልስ የሰጠው የለም፤ መዝሙር ተጀመረ። ሒሳቡ እስከ ዛሬ አልቀረበም።