የሟች የአየር መንገድ ሠራተኛ ቤተሰብ የጉዞ ጥቅም

የአየር መንገድ ሠራተኛ ሲሞት ቤተሰቡ የሚጠቀምበት ነጻና ቅናሽ ቲኬት በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ወዲያው አይቀርም፤ እንደነበረም አይቀጥልም። ጡረታ በሕግ የቆመ መብት ነው፤ ይህ ግን ኩባንያው በመመሪያ የሰጠው፣ በመመሪያም ሊያጥፈው የሚችል ጥቅም ነው። አየር መንገዱ ቢከስር ወይም ከሌላ ጋር ቢዋሐድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚያገኝ በዋናነት የሚወስነው የሟቹ የአገልግሎት ዘመን ነው። ለጡረታ የደረሰ ወይም ጡረታ የወጣ ሰው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጡረተኛ ቤተሰብ ይታያል። ጥቂት ዓመት ብቻ የሠራ ሰው ከሆነ ግን ጥቅሙ ብዙ ጊዜ በጊዜ ይገደባል። የትዳር ጓደኛ ዳግመኛ ሲያገባ፣ ልጅ የዕድሜ ጣሪያውን ሲያልፍ መብቱ አብዛኛውን ጊዜ ያበቃል። የሟቹ አባትና እናት በአንዳንዱ መመሪያ ጭራሽ አይካተቱም፤ ልጃቸው በሕይወት ሳለ ይበርሩ ስለነበር ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

ከግብር ነጻ የሚሆኑ የሥራ ጥቅሞችን የሚወስነው የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ አንቀጽ 132 ባል የሞተባትን ሴትም ሆነ ሚስት የሞተችበትን ወንድ እንደ ሠራተኛው ይቆጥራል። ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ደግሞ 25 ዓመት እስኪሞላው ይካተታል። ጥቅሙ ከግብር ነጻ የሚሆነው ኩባንያው ብዙ ተጨማሪ ወጪ ካላወጣበትና ገቢም ካላጣበት ነው። ባዶ የሚቀር ወንበር ለዚህ ይመቻል።

የመጀመሪያው ሥራ ለሰው ኃይል ክፍልና ለሠራተኞች ጉዞ ክፍል ማሳወቅ ነው። የሞት፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ከነፓስፖርት ቅጂው ይቀርባል። በጋብቻ ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ከተለያየ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። ሞቱ ሲመዘገብ የሟቹ መለያ ቁጥር ይዘጋል፤ በእሱ ሥር የወጡ ቲኬቶችም አብረው ሊታገዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከቤተሰቡ መንገድ ላይ ያለ ሰው ካለ ይህን አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ አለዚያ በሙሉ ዋጋ ትኬት ገዝቶ ሊመለስ ነው። በሟቹ የይለፍ ቃል ገብቶ ትኬት መቁረጥ ለጊዜው ቀላል ቢመስልም መብቱን እስከ መጨረሻው ሊያሳጣ ይችላል። የትዳር ጓደኛው በራሱ ስም አካውንት ይከፈትለት።

አይዲ 90 የሚባለው የሠራተኞችና የቤተሰባቸው ቲኬት 90 በመቶ ቅናሽ አለው። በቲኬቱ ላይ አር 1 ቦታው የተያዘ፣ አር 2 ደግሞ ወንበር ከተረፈ ብቻ የሚሳፈር ተጠባባቂ ማለት ነው፤ ለሟች ቤተሰብ የሚሰጠው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ነጻ በተባለው ትኬትም ላይ የኤርፖርት ታክስና ክፍያ ከኪስ ይወጣል። በሌላ አየር መንገድ ለመብረር በርቀት ዞን የሚሰላ ዜድ የተባለ የሠራተኛ ታሪፍ አለ፤ የሁለቱ ኩባንያዎች ስምምነት የሟች ቤተሰብን ካልጨመረ ግን ትኬቱ አይቆረጥም። የራስ አየር መንገድ ፈቀደ ማለት ሌላው ፈቀደ ማለት አይደለም።

ፈተናው ያለው ጌት (የመሳፈሪያው በር) ላይ ነው። እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር በአንድ ቡኪንግ (የጉዞ ምዝገባ) ተመዝግባለች እንበል። ስማቸው ከተጠባባቂዎቹ ሁሉ በላይ ነው፤ የተረፉት ወንበሮች ግን ሁለት ናቸው። ተለያይተን እንሄዳለን ካላሉ የጌቱ ሠራተኛ ዘሏቸው ከእነሱ በታች ያለውን ይጠራል፤ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ለመመካከር ጊዜ የለም። ከልጆቹ አንዱ ብቻውን መብረር የሚችል ከሆነ ቀድሞ መነጋገርና ቡኪንጉን ለሁለት መክፈል ይሻላል። ሕፃናት ከሆኑ ሦስቱም ወደሚቀጥለው በረራ ይዛወራሉ። የተጠባባቂ ቅደም ተከተል አንዳንዱ ጋ በሠራተኛው የቅጥር ቀን፣ ሌላው ጋ በቼክ-ኢን ሰዓት ይወሰናል፤ የሟች ቤተሰብ በሥራ ላይ ካሉት ዝቅ ብሎ የሚመደብበትም አለ። በበዓልና በትምህርት ቤት መዝጊያ ሰሞን ሁለት ሦስት ቀን ኤርፖርት መመላለስ ያለ ነገር ነው፤ ለአንድ ሌሊት ማደሪያና ለመደበኛ ትኬት የሚሆን ገንዘብ ሳይይዙ አይወጣም።

የልጁ የዕድሜ ጣሪያ በጉዞው መካከል የሚሞላ ከሆነ መመለሻው ከልደቱ ቀን በፊት እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ሲስተሙ የሚያየው ትኬቱ የተቆረጠበትን ሳይሆን የሚበርበትን ቀን ሊሆን ይችላልና።