ሞተር፣ መኪናና የሰሜን ተራሮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ከተማ ሞተር ሳይክል ወይም ፎር ዊል መኪና ያለው ሰው ለሽርሽር ሲያስብ ቀድሞ ትዝ የሚለው ከደባርቅ በላይ ያለው ደጋ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ነው። እዚያ የት ድረስ መንዳት እንደሚፈቀድ ሲጠየቅ ግን አንዱ «ፈጽሞ ክልክል ነው» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «በአገራችን ማን ይከለክለናል» ብሎ ይነሣል። በሞተረኞች ዘንድ በብዛት የሚሰሙትን አባባሎች ከእውነታው ጋር እያገናዘብን እንመልከት።

«ፓርኩ ለተሽከርካሪ ዝግ ነው።»

አይደለም። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው መንገድ ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል፤ ጎብኚም፣ ዕቃ የጫነ አይሱዙም፣ የአገሬው ተሳፋሪም ይመላለስበታል። ለጉብኝት የሚገባ ሰው ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ለራሱና ለተሽከርካሪው ክፍያ ፈጽሞ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ተመድቦለት ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ጎማው ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን ሲረግጥ ነው።

«መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ስለዚህ የእኔም ነው።»

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት መብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ መሆኑን መደንገጉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ድንጋጌ ማንም በማንኛውም መሬት ላይ እንዳሻው ይንዳ ማለት ቢሆን ኖሮ የገበሬው የጤፍ ማሳም ጎዳና በሆነ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 1065 ደንን የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ብሎ ስለሚለይ፣ ከፓርክ ውጪ ያለ ጫካም ቢሆን ባለቤት አለው። የቤተ ክርስቲያን ደንማ የታወቀ ነው፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ጽዶች መካከል ሞተር ላስነሣ የሚል ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም። በገጠር ቀበሌዎች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ተብለው የተከለሉት ተራሮች ግን አጥርም ምልክትም ስለሌላቸው ብዙ ሰው ሳያውቅ ይገባባቸዋል። እነዚህ ተራሮች ገበሬው በበጋ ወጥቶ እርከን የሠራባቸው ናቸውና አንድ ጎማ የእርከኑን ጫፍ ከናደው ክረምት ሲመጣ ጎርፉ በዚያው ሽንቁር ሰብሮ ይወርዳል።

«አንድ ሞተር ምን ያመጣል?»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አስተሳሰብ ነው። የደጋው አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ ጥቁርና ቀላል ሲሆን ጠብቆ የያዘውም ጓሳ የሚባለው የደጋ ሣር ሥር ነው። 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሌሊቱ ብርድ ከባድ ስለሆነ አንድ ጊዜ የተነቀለ ሣር እንደ ቆላ ሣር ቶሎ አያቆጠቁጥም። በነሐሴ አንድ ሞተረኛ የመንገዱን መታጠፊያ በአቋራጭ ቢቆርጥ የኋላ ጎማው አንዲት ቀጭን ቦይ ትቶ ያልፋል። ተከትሎት የሚመጣው ሰው ቦይዋ ጭቃ ስለያዘች በጎኗ ያልፋል፣ ሦስተኛውም ከእሱ ጎን ሌላ ያወጣል፤ በዚህ ዓይነት አንዷ ቦይ ሰፊ የተራቆተ መሬት ትሆንና ውኃው ተሰብስቦ ሲወርድባት ቦረቦር ይፈጠራል።

በበጋ መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ጉዳት የለም የሚሉም አሉ። ደረቅ ጓሳ ውስጥ የቆመ ሞተር የጋለ ማርሚታ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል ግን ይረሳሉ። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ እሳት በዚያ ደጋ ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ ላይ በደረሰው ቃጠሎ ታይቷል። ከሱዳኑ ዲንደር ጋር በሚዋሰነው በቋራው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክም ረጅሙ የቆላ ሣር በበጋ ለእሳት የተጋለጠ ነው።

«ግጭ ሰው ስለሌለበት ሜዳው ነፃ ነው።»

በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ የተዛወሩት መሬቱ ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ እንዲያርፍ ተብሎ ነው። አባት አያቱ የኖሩበትን ቀዬ የለቀቀ ሰው ባለበት አገር ያንኑ ሜዳ ለመዝናኛ መንጃ መጠየቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሕግም በፊት ነውር ነው።

«ጭላዳው እንኳ ሞተር አይሸሽም።»

ጭላዳ በመንገድ ዳር ሰው ስለለመደ ሣሩን እየነጨ ዝም ይላል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ ግን እንደ እሱ አይደሉም፤ ቀይ ቀበሮ የሚያድነውም በጉድጓድ የሚኖሩ አይጦችን ስለሆነ ሜዳው በጎማ ሲጠቀጠቅ ምግቡ ይጎዳበታል።

«ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጥቷል፤ ገደቡም ይላላ።»

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከረዱት እርምጃዎች አንዱ ፓርኩን በሚያቋርጠው ዋና መንገድ ላይ ያለውን ጫና የሚቀንስ አማራጭ መንገድ መሠራቱ፣ በዚህም በእንስሳቱ መኖሪያ ላይ የሚደርሰው ሁከት እንዲቀንስ መደረጉ ነበር። የተሽከርካሪ ጫና ስለቀነሰ የተገኘን ውጤት ተሽከርካሪ ለመጨመር ምክንያት ማድረግ እርስ በርሱ ይጣረሳል።

«ታዲያ ሞተረኛው የት ይሂድ?»

ይህኛው ስሕተት ሳይሆን ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሁልጊዜ «አይቻልም» እየተባለ መመለሱም ደግ አይደለም። የወረዳና የቀበሌ ጥርጊያ መንገዶች ለሕዝብ ክፍት ናቸው። ለውድድርና ለልምምድ የሚሆን ቦታ የሚፈልጉ ሞተረኞች ግን ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲና ድንጋይ ወጥቶባቸው የተተዉ፣ ቀድሞውንም የተራቆቱ ቦታዎችን ቢጠይቁ ይሻላቸዋል። ጥያቄው በግል ሳይሆን በቡድን ሆኖ ለወረዳው መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ይቅረብ፤ የቦታው ወሰን፣ የሚነዳባቸው ወራትና ጉዳት ቢደርስ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን እንደሆነ በማመልከቻው ላይ ይገለጽ፤ በአካባቢው የሚያርሱትና ከብት የሚያሰማሩት ነዋሪዎችም ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ይጠየቁ።