የስበት ሞገድ በቁስ ውስጥ ሲያልፍ የሚታዩ ኢ-መስመራዊ ውጤቶች

የአንስታይን የስበት እኩልታዎች ኢ-መስመራዊ ናቸው። የስበት ሞገድ፣ ማለትም በሕዋና በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ የስበት ርግብግቢት፣ ጉልበት ይሸከማል፤ ጉልበቱም በተራው ስበት ይፈጥራል። ስለዚህ ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ውጤቱ የሁለቱ ተራ ድምር አይሆንም። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚጎላ የሚወስነው የሞገዱ ከፍታ፣ ማለትም ርቀትን ከጠቅላላው በምን ያህል እጅ እንደሚለውጥ፣ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ላይጎ በተባሉት የስበት ሞገድ መለኪያ መሣሪያዎች የተመዘገበው ሞገድ ምድር ሲደርስ ከፍታው 10⁻²¹ ገደማ ነበር፤ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የመሣሪያውን ክንድ የለወጠው በ4×10⁻¹⁸ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኢ-መስመራዊ እርማት ከከፍታው ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ወደ 10⁻⁴² ይወርዳል። ጥቁር ጉድጓዶች በሚዋሃዱበት ስፍራ ግን ከፍታው ወደ 1 ይጠጋል፤ እዚያ እኩልታዎቹን ሳያቃልሉ በሙሉ በኮምፒውተር መፍታት ግድ ነው።

ቁስ በሞገዱ ላይ የሚያደርሰውን ለማስላት መነሻው ዝልግልግነት፣ ማለትም ፈሳሽ መፍሰስን የሚቃወምበት ባሕርይ፣ ነው። ይህ መስመራዊ ውጤት ቢሆንም አስቀድሞ ካልተለየ ከኢ-መስመራዊው ጋር ይደባለቃል። ዝልግልግነት የሌለው ፍጹም ፈሳሽ ሞገዱን አይውጥም። ስቲቨን ሆኪንግ በ1966 ባሳየው መሠረት ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ የሞገዱ ጉልበት የሚቀንስበት ምጣኔ 16፣ ፓይ፣ የስበት ቋሚና ዝልግልግነቱ ተባዝተው ለብርሃን ፍጥነት ካሬ ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። የከፍታው ምጣኔ የዚህ ግማሽ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው። ለውኃ (10⁻³ ፓስካል-ሴኮንድ) ሲሰላ በሴኮንድ 3.7×10⁻²⁹ ይሆናል። ሞገዱ በውኃ ብቻ በተሞላ ሕዋ ቢጓዝ እንኳ ጉልበቱ በጉልህ እስኪቀንስ ከአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ ከ10 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይፈጃል። ቀመሩ የሚሠራው ቅንጣቶቹ በአንድ የሞገድ ዑደት ውስጥ ደጋግመው ሲጋጩ ብቻ ነው። በሳሳ የከዋክብት መካከል ጋዝ ላይ ያለ ማጣሪያ ከተጠቀሙበት ውጤቱ እጅግ ይጋነናል። ሳይጋጩ ለሚበሩ ቅንጣቶች የተለየ ስሌት ያስፈልጋል፤ የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ በ2004 ኒውትሪኖዎች (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካኩ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ከአጽናፈ ዓለሙ መጀመሪያ የመጣውን ሞገድ የከፍታ ካሬ በ35.6 በመቶ እንደሚቀንሱ ያሰላው በዚህ መንገድ ነው።

ብርቱ ድምፅ በጋዝ ውስጥ ሲጓዝ ፊቱ እየሾለ ድንገተኛ ግፊት ይሆናል። በባዶ ሕዋ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዙ የስበት ሞገዶች ግን እርስ በርስ አይነካኩም፤ ስለዚህ እንዲህ ዓይነት መሾል አይከማችም። ፊት ለፊት የሚጋጩት ይለያሉ፦ ካን እና ፔንሮዝ በ1971 ባቀረቡት የእኩልታዎቹ መፍትሔ ግጭቱ ነጠላነትን፣ ማለትም ስበት ወሰን የሚያጣበትን ስፍራ፣ ይወልዳል።

በ1991 የሒሳብና የፊዚክስ ሊቁ ዴሜትሪዮስ ክሪስቶዱሉ ሞገዱ ራሱ የሚያመነጨው ስበት ካለፈ በኋላ የማይመለስ የርቀት ለውጥ እንደሚተው አሳየ። ይህ «ትውስታ» የሚባለው ውጤት በምድር ላይ ለመለካት ያስቸግራል፤ በመለኪያ መሣሪያዎቹ ውስጥ የተንጠለጠሉት መስታወቶች በመቆጣጠሪያ ሥርዓት ወደ ቦታቸው ስለሚመለሱ ዘላቂው ለውጥ ይጠፋል፣ የሚቀረውም የመነሻው ፈጣን ጭማሪ ብቻ ነው።